ጋሼን በሃያ አንድ ዓመቱ ያቆዩልን ፎቶ ቤት

ከአምስት ኮከብ አራት ተኩል እሰጣቸዋለሁ። ግማሿን ያስቀነሰኝ መስታወቱ ነው፤ እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ሥራቸው የድሮ ፎቶ ማደስ፣ ማተምና ፍሬም ማስገባት ነው። ድሮ ፒያሳ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ሲፈርስ ወደ አራት ኪሎ መጡና አሁን አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በጠባብ ክፍል ይሠራሉ። የቤቱን ስም ያልጻፍኩት ባለቤቱ "ስሙ ይቅር" ስላሉኝ ነው። ሽማግሌ ናቸው፤ ከአቅማቸው በላይ ሥራ ተቀብለው ሰው ማመላለስ አይፈልጉም። የምር የሚያስፈልገው ሰው ከጠየቀኝ ግን አድራሻውን እሰጣለሁ፤ ይህንንም አስፈቅጃቸዋለሁ።

ያሳደስነው የእናቴን ታላቅ ወንድም ፎቶ ነው። እማዬ እስካሁን "ጋሼ" ነው የምትለው፤ እኛ ልጆቿም በዓይናችን ሳናየው ጋሼ እያልን ነው ያደግነው። የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ሁለተኛው የቃኘው ሻለቃ በ1944 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ሲዘምት አብሮ ሄደ። ቃኘው እዚያ የተመደበው በአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር፣ ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ነበር። በጥቅምት 1945 ዓ.ም. ክፍለ ጦሩ ትሪያንግል ሂል ለሚባለው ኮረብታ ሲዋጋ ጋሼ ወደቀ። ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር። ሚስት አላገባም፣ ልጅ አልወለደም። ኮሪያ ላይ ከወደቁት 121 ኢትዮጵያውያን አንዱ ነው። አስከሬኑ መጀመሪያ ፑሳን ነበር የተቀበረው፤ ኋላ ከጓዶቹ ጋር ወደ አገሩ መጥቶ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል።

እማዬ መርዶው ሲመጣ ገና ልጅ ነበረች። አሁን ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ ጋሼን በአካል ከሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ያለችው እሷ ብቻ ናት። የተቀረጸ ስም አጥቶ አይደለም፤ ፑሳን ባለው የተባበሩት መንግሥታት መታሰቢያ መቃብር ግድግዳ ላይ የወደቁት ሁሉ ስማቸው በድንጋይ ተጽፏል። መልኩ ግን ያለው እኛ ጋ ነው፤ ያውም በአንድ ፎቶ ላይ። ፎቶ ለማሳደስ ይህን ያህል የተጨነቅኩት ለዚህ ነው።

ፎቶው የተነሣው ጃፓን ነው። ከግንባር ለጥቂት ቀን ዕረፍት ወደ ጃፓን የሚሄዱ ወታደሮች ፎቶ ቤት ገብተው እየተነሡ ለቤተሰብ ይልኩ ነበር። ጋሼም በ1944 ክረምት ላይ ተነሥቶ ለአያቴ ላከው። ትልቅ አይደለም፤ ፖስትካርድ ያህላል፣ ጠርዙ ዙሪያውን ጥርስ ጥርስ ያለው ነው። ከጀርባው በቀለም እንዲህ ብሎ ጽፎበታል፦ "ይድረስ ለውድ እናቴ። ይህን ፎቶግራፍ ሲያዩ እኔን እንዳዩ ይቁጠሩት። እዚህም ክረምቱ እንደ አገራችን ዝናም ነው። እኔ ደኅና ነኝ። ትንሿን ይሳሙልኝ።" ትንሿ ማለት እማዬ ናት።

በደርግ ጊዜ ኮሪያ የዘመተ ልጅ ነበረኝ ብሎ ማውራት አይመችም ነበር፤ ዘማቾቹ የተዋጉት ከኮሚኒስቶች ጋር ነው። አያቴ ፎቶውን ከግድግዳ አውርዳ፣ እዚያው ፍሬም ውስጥ ከእመቤታችን ሥዕል በስተጀርባ ደበቀችው። ከ1983 በኋላ ሥዕሉን ለብቻው አሠርታ ጋሼን ወደ ፊት መለሰችው። ግን በመስታወቱና በፎቶው መካከል ምንም ነገር አልገባም ነበር፤ ቆርቆሮው ደግሞ ያፈሳል። እርጥበት ሲገባ ፎቶው መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። አያቴ ካረፈች በኋላ ለእማዬ ሲደርሳት የታችኛው ግራ ጥግ ሻግቷል፣ ደረቱ ላይ አግድም ተሰንጥቋል፣ ጥቁር የነበረው ጠርዝ ደግሞ ዞር ሲያደርጉት ብርማ ሰማያዊ ያብለጨልጫል። ፊቱ ግን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልተበላም።

በመጀመሪያ የሰጠሁት ሌላ ቦታ ነበር፤ ስማቸውን አላነሳም። ፎቶውን ከነመስታወቱ በስልክ አነሡት፣ በኮምፒውተር የሆነ ፕሮግራም ውስጥ ከተቱት፣ በነጋታው አተሙት። ስድስት መቶ ብር ነው ያስከፈሉኝ። ሥዕሉ ጥርት ያለ ነበር፤ ማንም የማያውቀው ሰው ቢያየው "ጎበዝ ሠርተውታል" ይላል። እኔም ለአፍታ ደስ ሊለኝ ነበር። ኋላ ግን ዓይኔ አንገቱ ላይ አረፈ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰው ሳይ በመጀመሪያ የማየው ኮሌታና ትከሻ ነው። በዋናው ፎቶ ላይ የጋሼ ሸሚዝ ኮሌታ ሰፍቶታል። ከላይ ድረስ ተቆልፎ፣ ክራባት ታስሮበት እንኳ በአንገቱና በኮሌታው መካከል ሁለት ጣት ያስገባል። ለእሱ የተሰፋ አይደለም፤ የአሜሪካ ጦር ልብስ ነው፣ ያለው ቁጥር ተሰጥቶት የለበሰው። የትከሻው ስፌትም ከትከሻው አልፎ ወደ ክንዱ ወርዷል። ከሱ በላይ ልጅነቱን የሚናገር ነገር የለም። ፕሮግራሙ ያንን ክፍተት ደፍኖ፣ አንገቱን አወፍሮ፣ ኮሌታውን ልክክ አድርጎለታል። አለ የማይባለውን ጢሙን አጥቁሮታል። መንጋጋውን አስፍቶታል። ጉንጩን አለስልሶ አንጸባርቆታል። የሠላሳ አምስት ዓመት መኮንን አድርጎት ቁጭ።

ለእማዬ አሳየኋት። አቅርባ አየችው፣ አርቃ አየችው። "ይሄ የማን ልጅ ነው?" አለችኝ። ጋሼ እኮ ነው ስላት ሥዕሉን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና "ጋሼ ልጅ ነበረ እኮ" አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። በማግሥቱ ሌላ ቤት ፍለጋ ወጣሁ።

አራት ኪሎ ያሉትን ሽማግሌ የጠቆመችኝ ደንበኛዬ ናት፤ የአባቷን የሠርግ ፎቶ አድሰውላታል። ስገባ ፍሬሙን ተቀብለው ብርሃን ላይ አዘንብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። መጀመሪያ የጠየቁኝ "ከመስታወቱ ለማላቀቅ የሞከረ ሰው አለ?" ብለው ነው። የለም ስላቸው ፊታቸው ፈታ አለ። የተለጠፈ ፎቶ ሲጎተት ምስሉ ያለበት የላይኛው ንጣፍ መስታወቱ ላይ ይቀራል፤ ወረቀቱ ባዶውን ይወጣል አሉኝ። ስንት ሰው ቤቱ በቢላ ፍቆ አበላሽቶ እንደሚያመጣላቸውም ነገሩኝ። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ፎቶ ካለ፣ እባካችሁ አትንኩት። ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት የሚላችሁን ሰውም አትስሙ።

እሳቸው ያደረጉት እንዲህ ነው። ፍሬሙን ከጀርባ ከፈቱት፤ ምስጥ የበላውን ካርቶን በፒንሳ እየለቀሙ አወጡ። ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ በመጀመሪያ አነሡት። ከዚያ ፎቶውን ከነመስታወቱ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው፣ ካሜራውን ከላይ በቋሚ አስረው፣ ሁለት መብራት ከግራና ከቀኝ በሰያፍ አበሩ። ካሜራው ራሱ መስታወቱ ላይ እንዳይታይ ዙሪያውን በጥቁር ጨርቅ ሸፈኑት። ደጋግመው አነሡ፤ መብራቱን ትንሽ አዞር እያደረጉ። ያ ብርማ ሰማያዊ ነገር በአንዱ ማዕዘን ሲታይ በሌላው ይጠፋል፤ የጠፋበትን መርጠው ያዙ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ አጠገባቸው ቆሜ አየሁ፤ ውጡ አላሉኝም።

ቀጣዩን ሥራ ኮምፒውተር ላይ የምትሠራው አንዲት ወጣት ናት። እኔ ይህን ግምገማ የምጽፈው በዋናነት ለእሷ ነው ብል አልተሳሳትኩም። ሥራ ከመጀመሯ በፊት ፎቶውን በስክሪን አሰፋችና ወረቀት አወጣች። ግራ በኩል "በፎቶው ላይ ያለ"፣ ቀኝ በኩል "የጠፋ" ብላ ከፈለችው። "የጠፋውን ከራሴ አልፈጥርም። ወይ ከፎቶው ሌላ ቦታ ላይ እወስዳለሁ፣ ወይ እናንተን እጠይቃለሁ፣ ወይ እንዳለ እተወዋለሁ" አለችኝ። የመጀመሪያውን ቤት ሥራ አሳየኋት። አልተሳለቀችበትም። ኮሌታውን በጣቷ ነክታ "እዚህ ጋ ነው የጠፋባችሁ አይደል?" አለች። ሳልነግራት ነው ያየችው።

እማዬ ሦስተኛ ፎቅ መውጣት አትችልም፤ ሊፍት የለም። ልጅቷ ይህን ስትሰማ "እማማን ይዘዋቸው ይምጡ፣ እኔ እወርዳለሁ" አለችኝ። እንዳለችውም ላፕቶፑን ታቅፋ ወረደች። ዘበኛው ወንበሩን ለእማዬ ለቀቀላት፤ ልጅቷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ አንድ በአንድ ጠየቀቻት። ጆሮው እንዲህ ቀና ያለ ነበር ወይ? ፀጉሩን ወዴት ነበር የሚያበጥረው? እማዬ ስለ ጆሮው ስትጠየቅ ሳቀች። "እናቴ በጆሮህ ነው የምታውቅህ ብላ ትሰድበው ነበር" አለች። ይህን እኔ ሰምቼው አላውቅም። ስለ ጋሼ ሁሉንም የሰማሁ ይመስለኝ ነበር፤ እማዬ የምትነግረን ግን አወጣጡንና መርዶውን ነበር። ልጅቷ ስለ ጆሮና ስለ ፀጉር ስትጠይቃት ሌላ ጋሼ መጣ፦ ለቅዳሴ ጋቢው ውስጥ ደብቆ ይዟት የሚሄደው፣ ከካምፕ ፈቃድ ሲወጣ ከረሜላ ይዞላት የሚመጣው፣ ኮቴውን ሰምታ ደጅ ድረስ የምትሮጥለት።

ሁለት ነገሮችን ለይቼ ልንገራችሁ፤ የዚህን ቤት ሥራ የሚያሳዩት እነሱ ናቸው።

አንደኛው አገጩ ላይ ያለች ትንሽ ጥቁር ነጥብ ናት። በዓይን አትታይም፤ ስክሪን ላይ ሲሰፋ ነው የምትታየው። ሌሎቹን የሻጋታ ነጠብጣቦች ልጅቷ አንድ በአንድ ስታጠፋ እሷ ላይ ስትደርስ ቆመች። ሽማግሌውን ጠራቻቸው። ማጉያ መነጽራቸውን ይዘው ዋናውን ፎቶ አዩ፤ ቆይተው "ይቺ የእሱ ናት" አሉ። ነገሩን ሲያስረዱኝ፣ ቆሻሻና ሻጋታ ከምስሉ በላይ ነው የሚቀመጠው፤ በምስሉ ውስጥ ያለ ነገር ግን ምስሉ ከተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች ነው የተሠራው፤ በመነጽር ይለያል። ነጥቧ ቁስል ናት፤ በምላጭ የተቆረጠች ሳትሆን አትቀርም። እንግዲህ ያ ልጅ ለእናቱ የሚልከውን ፎቶ ሊነሣ ሲል፣ ያን አለ የማይባል ፂሙን ተላጭቶ አገጩን ቆርጦ ነው የገባው። ሰባ ዓመት አልፎ ይህን አወቅን። አላጠፏትም። አሁን ቤታችን ከተሰቀለው ፎቶ ላይ፣ ቀረብ ብላችሁ ካያችሁ፣ አለች።

ሁለተኛው የግራ ትከሻው ላይ ያለው ምልክት ነው። የመጀመሪያው ቤት እሱን አበባ መሰል ነገር አድርጎት ነበር። በዋናው ፎቶ ላይ የሚታየው ጠቆር ያለ ክብ ነው፤ ውስጡ ሌላ የባሰ ጥቁር ነገር ያለ ይመስላል፣ አይለይም። ልጅቷ "ይሄ ቆሻሻ ነው ወይስ ዓርማ?" ብላ ሳትነካው ደወለችልኝ። የሰባተኛው ክፍለ ጦር ዓርማ ቀይ ክብ ነው፤ መሀሉ ላይ ጥቁር የአሸዋ ሰዓት አለበት። ሁለት የሰባት ቁጥሮች፣ አንዱ ተገልብጦ፣ ሲደራረቡ የሚሰጡት ቅርጽ ነው። ይህን ስነግራቸው ሽማግሌው ወዲያው ገባቸው፦ ቀይ ቀለም በአንዳንድ የዚያ ዘመን የጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ጠቁሮ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ጥቁሩ ቀዩ ውስጥ ተውጧል አሉ። ምልክቱ እዚያው ነበር ማለት ነው። ልጅቷ በጥቁሩና በቀዩ መካከል ያለችውን ቅንጣት ልዩነት ትንሽ ብቻ ከፍ አደረገቻት፤ የአሸዋ ሰዓቱ ወጣ። ምንም አልሳለችበትም። ከምስሉ ውስጥ የነበረው ነው የወጣው።

ቀለም ይቀባ ወይ የሚለው ላይ እኔና እማዬ አልተስማማንም ነበር። እማዬ ልጅ ልጆቿ ጠይም መሆኑን እንዲያዩ በቀለም ፈለገች። ሽማግሌው ሐሳባቸውን ሲጠየቁ "እማወራ፣ እርስዎ የጠይምነቱን ልክ ያውቁታል፣ እኛ አናውቀውም። የቀባነው እኛ የመረጥነውን ቀለም ነው የሚሆነው" አሏት። እማዬ ትንሽ አሰበችና "እንግዲያው ይቅር" አለች። ቀለም ሥራ ተጨማሪ ገንዘብ ያስከፍላል፤ ገቢያቸው ሊሆን የሚችለውን ራሳቸው አስቀሩት።

የሻገተው ጥግ ላይ የነበረው የግራ እጅጌው ጫፍ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። እሱን ከቀኙ እጅጌ ገልብጣ ወስዳ ሞላችው። እንደ ልብስ ሰፊ አየሁት፤ የቁልፉ አቅጣጫ ትክክል ነው፣ ክሩም ይሄዳል። የደረቱ ስንጥቅ ዱካው የለም። ፊቱን ግን፣ ከአቧራና ከሻጋታ በቀር፣ አልነካችውም። ትንሽ ብዥ ያለ ነው፤ እንደዚያው ነው የተወችው። መጀመሪያ ሳየው "ትንሽ ጥርት ቢል" ብዬ ነበር። ልጅቷ በዚያው ስክሪን ላይ ጥርት አድርጋ አሳየችኝ፤ ዓይኑ ተለወጠ። "ብዥታው ውስጥ ያለው እሱ ነው" አለችኝ፣ መለሰችው።

የእማዬን ነገር ልንገራችሁ። የታተመውን ቤት ይዘን ስንገባ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ተቀበለችኝ፣ መነጽሯን አደረገች፣ አየችው። "እሱ ነው" አለች። ከዚያ ኮሌታውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችና "እዩት እስኪ፣ ልብሱ እንኳ አልበቃውም፤ እሱ ነው ያልበቃው ለልብሱ" አለች፣ አለቀሰች። እህቴም እኔም አለቀስን። ያን ቀን ማታ ሁላችንም እሷ ቤት አመሸን፤ ከቀድሞው የበለጠ ስለ ጋሼ አወራን።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ማንሣቱና ማደሱ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ብር፤ እያንዳንዱ ታትሞ ከነፍሬሙ ሁለት ሺህ አራት መቶ። ለእማዬ፣ ለእህቴ፣ ለወንድሜና ለእኔ አሠራን። ርካሽ አይደለም፤ ግን ለሥራው አልበዛም እላለሁ። ሲያስረክቡ ፋይሉን በፍላሽ ይሰጣሉ፤ የታደሰውን ብቻ ሳይሆን ያልተነካውንም፣ የጀርባውን ጽሑፍም ጭምር። ይህን ሳትቀበሉ ከየትም ቤት አትውጡ። ዋናውን ፎቶ ከነመስታወቱ አሲድ በሌለው ወረቀት ጠቅልለው፣ ከላይ "አታላቅቁ" ብለው ጽፈው መልሰውልናል። ሳጥን ውስጥ አስተኝተን አስቀምጠነዋል።

ፍሬሙ ከታች ለሜዳሊያው ቦታ አለው። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ ነው፣ ጥብጣቡ ሰማያዊና ነጭ ሰረዝ ሰረዝ ያለው፤ ከሞቱ በኋላ ለአያቴ የተሰጣት። በክር ነው ያሰሩት፣ ሙጫ አልነካውም። ከሜዳሊያው ሥር ስሙ፣ የተወለደበትና የወደቀበት ዓመት የተጻፈባት ትንሽ ሳህን አለች። እሷ ላይ መጀመሪያ 1945 ካሉ በኋላ እ.ኤ.አ. ጨምረውበት ነበር፤ እንደዚያ ከሆነ ጋሼ የሞተው የኮሪያ ጦርነት ሳይጀመር ነው ማለት ነው። ሳህኑን የሚቀርጸው ሌላ ቤት ነው፤ ስህተቱም የሱ ነው። ግን ሽማግሌው ይቅርታ ጠይቀው በራሳቸው ወጪ አስለወጡት። ከተባለው ቀን የዘገየውም በዚህና በመብራት መጥፋት ምክንያት ነው፤ ሲዘገይ ግን አስቀድመው ይደውላሉ።

አሁን መስታወቱ። ተራ መስታወት ነው፤ ያብለጨልጫል። እማዬ ሳሎን መስኮቱ ትይዩ ስንሰቅለው ቀን ቀን የሚታየን መስኮቱ እንጂ ጋሼ አልነበረም። የማያንጸባርቅ መስታወት የላቸውም፤ አስመጥቶ የሚሸጥላቸውም አላገኙም። ቢያንስ ሲያስረክቡ "መስኮት ትይዩ አይሰቀል" ሊሉን ይገባ ነበር። አሁን መስኮቱ ካለበት ግድግዳ ጎን፣ ፀሐይ ከማይነካው ቦታ አድርገነዋል። ከሰልና ዕጣን ከሚጨስበትም አርቀነዋል፤ ጭሱ በጊዜ ብዛት ስለሚገባ። መስታወቱና ፎቶው ግን እንዳይነካኩ በመካከላቸው፣ በጠርዙ ዙሪያ፣ ወፍራም ካርቶን ገብቷል፤ የአያቴ ፍሬም የጎደለው እሱ ነበር።

የቃኘው ዘማች ፎቶ ያላችሁ ቤተሰቦች ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ ከ6,000 በላይ ሰው ነው የሄደው፣ የተመለሱትም የወደቁትም ፎቶ ልከዋል። ስትሄዱ ፎቶውን ብቻ አትውሰዱ። ሰውየውን የሚያውቅ ሰው በሕይወት ካለ እሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ መሄድ ካልቻለ ስለ ጆሮው፣ ስለ ፀጉሩ፣ ስለ ጠባሳው ጠይቃችሁ ጽፋችሁ ያዙ። ደብዳቤ ካለ፣ ሜዳሊያ ካለ፣ አብረውት የተነሡ ጓዶቹ ፎቶ ካለ እሱንም ያዙ፤ ልጅቷ የዓርማና የልብስ ነገር ከሱ ላይ ታመሳክራለች። ስትቀበሉ ደግሞ የታደሰውን ከዋናው ጎን አስቀምጣችሁ አንገቱን፣ ጆሮውንና አገጩን አስተያዩ፤ ከማመስገናችሁ በፊት።

ሰኞና ማክሰኞ ጠዋት ይሻላል። ቅዳሜ የሠርግ ሥራ ስለሚበዛባቸው ቁጭ ብለው አያናግሯችሁም፤ እሑድ ዝግ ናቸው። ደረጃ የማይችል ሰው ካላችሁ ከታች ሆናችሁ ደውሉ፣ ልጅቷ ትወርዳለች።